በቃሬዛ የሄደችው አንጮቴ

አዴ ቶላሼ ከሰው ጋር ሲጣሉ ያየ የለም። ከጃርት ጋር ግን ሰላም ኖሯቸው አያውቅም። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን አይደለም፣ ላሞቹንም አይደለም፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከዋንዛው ሥር ያለችውን አንጮቴ ነው። ጃርት አፈሩን ጭሮ ያደረ እንደሆነ ስድባቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

"አንተ እሾሃም፣ አንተ የሰው ላብ የምትበላ፣ እናትህ ቆፍራ መብላት አላስተማረችህም? የራስህን ትከል እንጂ" ይሉታል፣ ፊት ለፊታቸው የቆመ ይመስል።

ባለቤቴ ሆርዶፋ ከመደቡ ሳይነሳ ይስቅና፣ "ዛሬም እንግዳ አድሮባቸዋል" ይለኛል።

እኔ ወደ ቡርቃ ሶሬ የመጣሁት በሙሽርነት ነው። የእኛ ቤትና የአዴ ቶላሼ ቤት አንድ አጥር ይጋራሉ፤ ባላቸው ኦቦ ነመራ የሆርዶፋ አጎት ናቸው። ስለዚህ አዴ ቶላሼ ለእኔ ጎረቤትም ዘመድም፣ አንዳንዴም እንደ እናት ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ ንግግራቸው አጭር ሴት ነበሩ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ሲቆጡ ግን አይሸፍኑም።

የእኛ አገር ሰው አንጮቴን በየዓመቱ ይዘራል፣ በየዓመቱም ሥሩን ቆፍሮ ይበላል። የዘር እናት የምትባለው ግን አትቆፈርም። እሷ ለፍሬዋ ብቻ ትተዋለች። በጋ ሲሆን ሐረጓ ይደርቃል፣ የሞተች ትመስላለች። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ከዚያው አፈር ተመልሳ ብቅ ትላለች፤ አጥሩን ይዛ፣ ዋንዛውን ይዛ ትወጣለች። ፍሬዋ ሲበስል እንደ ፍም ይቀላል፤ ዘሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው። የአዴ ቶላሼን የዘር እናት የተከሏት አማታቸው አዴ ዳሴ ናቸው። መቼ እንደተከሏት ግን ኦቦ ነመራም አያውቁም። "እኔ መዳህ ስጀምር እሷን ይዤ ነው የቆምኩት" ይላሉ፤ እውነት ይሁን ቀልድ ከፊታቸው አይለይም።

አንድ ቀን አንጮቴ ስንልጥ አዴ ቶላሼን፣ "ይቺን ተክል እንዲህ የሚሳሱላት ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቢላዋውን አስቀመጡ። "አማቴ ደግ ሴት አልነበሩም፣ ሌንሴ። ወደዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ መልካም ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ውሃ ባመጣ ዘገየሽ፣ እንጨት ባመጣ እርጥብ ነው። ከዚያ ሙለታን ወለድኩ። ደም ፈሰሰኝ፤ እግሬ አልይዝ አለኝ፤ ሰው ሁሉ ቀብሬን ይጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ አማቴ ዶማ እንኳ አልያዙም። በጣታቸው አፈሩን እየጫሩ ከእናቲቱ ጎን ቆርሰው አመጡ። ለማንም ተነክታ የማታውቀዋን። ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቅቤ አሽተው በእጃቸው አጎረሱኝ።"

"ምን አሉዎት?"

"'ብዪ' አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።" ቢላዋውን መልሰው አነሱ። "በማግስቱም አጎረሱኝ። እግሬ መሬት እስኪረግጥ ድረስ አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ ተመልሰው ያው ክፉ ሆኑ፤ እኔ ግን አልሰማቸውም ነበር።"

እንዲህ እየኖርን ሳለን በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ መጣ። ከከተማ አንድ ወጣት ካድሬ መጥቶ በየኮረብታው ተበታትነን የምንኖረው ሁሉ ወርደን ጨፌ በሚባለው ሜዳ ላይ በመስመር እንድንሰፍር ነገረን። ጨፌ ከእኛ ዘንድ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ውሃ ይገባል፣ ትምህርት ቤት ይሠራል፣ ክሊኒክ ይከፈታል አለ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ያላጨበጨበ ይታያልና። ጥር ላይ ሁሉም የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ፣ የጣራውን ሳር ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ ወረደ።

ከመሄዱ በፊት ግን በጓሮው ያለውን ሁሉ ቆፍሮ በላ። የዘር እናቶቹን ሳይቀር። "ለማን እንተዋታለን፣ ለጃርት?" ተባባለ። እኛም የእኛን በላን፤ ሆርዶፋ ቆፈረ፣ እኔ ቀቀልኩ። ትንሽ ነበረች። ስበላት ጣፍጣኝ ነበር።

ኦቦ ነመራም ለባለቤታቸው ነገሩን አነሱባቸው። እኔ እንስራ ልዋስ ገብቼ እዚያው ነበርኩ።

"ሀዳ ሙለታ፣" አሉ፤ የሙለታ እናት ማለታቸው ነው፣ ሚስታቸውን በስም ጠርተው አያውቁም፤ "አንቺም አውጫትና በክብር እንብላት። ቅቤ አለሽ።"

"አባ ሙለታ፣" አሉ አዴ ቶላሼ፣ "እናትህን በቅቤ ትበላለህ?"

ኦቦ ነመራ ጢማቸውን ዳበሱ። "እናቴን በቅቤም የሚበላቸው አልነበረም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ይዣት እሄዳለሁ።"

ጥር ላይ መሬቱ እንደ ጡብ ደርቋል። ሴቶቹ ከምንጩ በእንስራ እየቀዳን ከዋንዛው ሥር አፈሰስን፤ መሬቱ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲረካ ለማግስቱ ተውነው። በማግስቱ ሆርዶፋ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። ኦቦ ነመራ በርጩማቸውን አቅርበው ተቀመጡ፤ ሥራቸው ማዘዝ ነበር።

"ከእርስዎ ትእዛዝ ዶማው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይቆፍራል" አለ ሆርዶፋ።

"ዝም ብለህ ቆፍር። ዶማው ከአንተ ቀድሞ እንዳይደክም" አሉት።

እንዲህ እየተሳሳቁ ጀመሩ። መጀመሪያ የታየን ጀርባዋ ነው፤ ግራጫ፣ የተሸበሸበ፣ እንደ ዝሆን ቆዳ የሻከረ። ሆርዶፋ ድንጋይ መስሎት በዶማው ጀርባ መታ መታ አደረጋት። ድምፁ የድንጋይ አልነበረም፤ የሞላ ጋን ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነው። ሁሉም እጁን አቆመ። ከዚያ ጠርዟን መፈለግ ጀመሩ። አንድ ክንድ ወደ ጎን ቆፈሩ፣ ጠርዝ የለም። በሌላው ጎን ዞሩ፣ እዚያም የለም። አፈሩ በተነሳ ቁጥር እሷ ትሰፋለች። ቀልዱ መቼ እንደቆመ አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ሆርዶፋ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ትከሻው ድረስ ብቻ ይታይ ነበር፤ እሷም ከአጠገቡ ነበረች፤ የተኛች ጊደር የምታህል።

አንደኛው ጎረቤታችን ዶማውን አስቀምጦ ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ ውሃ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ማንን እንደማጠጣ ጠፋኝ። ሁልጊዜ በአጠገቧ አልፌያለሁ፤ ልብስ ያሰጣሁት ከላይዋ ነው፣ ልጄን ያስተኛሁት ከላይዋ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ እሷ ከእግሬ በታች ነበረች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ማንንም ሳትገፋ፣ እየወፈረች።

ኦቦ ነመራ ከበርጩማቸው ተነሥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። "እናቴ ይቺን በመዳፋቸው ነው የያዟት" አሉ። "በዘርነቷ። አንዲት ፍሬ።"

የታችኛው ጫፏ ግን አልወጣም። ተከፋፍሎ በዋንዛው ሥሮች መካከል ገብቶ ወደማይታይ ቦታ ወርዷል። ቢጎትቱ አልመጣም። ሆርዶፋ ወደ አዴ ቶላሼ ቀና ብሎ፣ "በመጥረቢያ ካልሆነ አይሆንም፣ አዴ" አላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸውን ግን አዞሩ። መጥረቢያው ሲያርፍ ነጭ ሥጋዋ ታየ፣ ጥርት ያለ ውሃ ከውስጧ ይወርድ ጀመር። አዴ ቶላሼ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ቅቤ ይዘው ነበር። የተቆረጠውን ቦታ ቅቤ ቀቡት፣ ሰርዶ አኖሩበት፣ ግንባራቸውን ቆዳዋ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። ምን እንዳሏት አልሰማንም።

በማግስቱ ከቀርከሃ ቃሬዛ ሠርተው፣ በኮባ ቅጠልና በጋቢ ጠቅልለው አራቱ ወንዶች ተሸከሟት። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጥቂት እንደሄዱ ሆርዶፋ ላቡን እየጠረገ፣ "አዴ፣ አማትዎን ነው ያሸከሙን" አለ።

"በሕይወት ሳሉም ከባድ ነበሩ፣ ቀጥል" አሉት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ከወንዙ ማዶ አንድ በበቅሎ የሚመጣ ሽማግሌ ቃሬዛውን አይቶ ወረደ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከመንገድ ዳር ቆመ። ስንደርስ ሐዘን ባጠላበት ድምፅ፣ "ዋቃ ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?" አለ።

"አንጮቴ ናት፣ አባባ" አለ ሆርዶፋ።

"አንጮቴ የማን ልጅ?"

ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቃሬዛውን አወረዱት። ሽማግሌው የተሳለቁበት መስሎት ሊቆጣ ሲል አዴ ቶላሼ ጋቢውን ገለጥ አደረጉለት። አየ። ጎንበስ ብሎ አየ። በእጁ ሊነካት ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ሳቁ ከሁላችንም ላይ ጠፋ። ሽማግሌው፣ "ይሄን ያህል ዘመን ኖሬ..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ዳገቱን ወጥተን ዘወር ብዬ ሳይ ባርኔጣውን ገና አላደረገም ነበር።

ጨፌ መግቢያ ላይ ካድሬው አስቆመን። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አብረውት ነበሩ። "ምንድን ነው የጠቀለላችሁት? መሣሪያ ነው?" አለ። ተገለጠለት። ዙሪያዋን ዞረ፣ በእርሳሱ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት፣ ፊቱ በራ።

"ይቺ ለአብዮቱ በዓል ትሆናለች። አዳራሹ በር ላይ እናቆማታለን፤ የኅብረት ሥራችን ውጤት ናት ብለን" አለ።

አዴ ቶላሼ ጋቢውን መልሰው አለበሷት። "ልጄ፣" አሉት ረጋ ብለው፣ "እሷ ስትተከል አንተም አልተወለድክ፣ አብዮትህም አልተወለደ።"

የአራቱም ተሸካሚዎች ትንፋሽ ቆመ። ኦቦ ነመራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ ሰው እናውቃለን። ካድሬው አዴ ቶላሼን አያቸው፣ ቃሬዛውን አየ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን ምሰሶ ተሸካሚ ሁሉ አየ። ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "ውሰዱና ቅበሯት" አለ። "ቶሎ በሉ፣ መንገድ ዘግታችኋል።"

ቀበሯት። ለአዴ ቶላሼ የደረሳቸው ቦታ በገመድ ተለክቶ የተሰጠ ጠባብ መሬት ነበር፤ ከሥሩ ጥቁር፣ ውሃ የሚቋጥር አፈር። ጉድጓዱን ራሳቸው ቆመው አስቆፈሩ፣ አመድ አስነሰነሱ፣ ለሐረጓ መወጣጫ እንጨት ተከሉላት። ከዚያ ዝናቡን መጠበቅ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ጠብ አለ፤ አላቆጠቆጠችም። ግንቦት ላይ ዘነበ፤ የሁሉም ጓሮ ለመለመ፣ የእሳቸው እንጨት ግን ባዶውን ቆመ። በየጠዋቱ ወጥተው ያዩታል። የሚሰድቡት ጃርት እንኳ ጨፌ ላይ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ሽታ ወጣ። አዴ ቶላሼ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ገለጡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ድረስ ሰመጠ፤ ውስጧ ወደ ጭቃነት ተለውጦ ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ውሃ አስታጠብኳቸው። ሁለት እንስራ ጨረስን፤ አሁንም እጃቸውን ያሹ ነበር። ከዚያ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ብዙ ቀን ሰው ሲያናግራቸው እየመለሱ፣ ግን የሚናገረውን እንደማያውቅ ሰው ሆነው ሰነበቱ። ኦቦ ነመራ ሊያስቋቸው ሞከሩ፤ አልሳቁም። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ አግኝተውኝ፣ "ሌንሴ፣ እናቴ ሲሞቱ እኮ እንዲህ አላዘነችም" አሉኝ። ቅሬታ አልነበረም፤ ፈርተው ነበር።

ነሐሴ ላይ ደግሞ የእኛ ተራ ደረሰ። ሆርዶፋ የአዳራሹን ጣራ ሲጠግን ረጥቦ የሚያንሸራትት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ወደቀ። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ለሁለት ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ አጥንቱን እያገናኘ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰረው። ሆርዶፋ ጋቢውን ነከሰ። ወጌሻው ሥራውን ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ "እኔ ገጥሜዋለሁ። የሚያያይዘው አንጮቴ ነው። አንጮቴ አብሉት" አለኝ።

"ከየት አባቴ?" አልኩት።

እሱም ዙሪያውን አየ። ቤቶቹ በመስመር ቆመዋል፤ በአንዱም አጥር ላይ የአንጮቴ ሐረግ የለም። ሁላችንም በልተናታል። ገበያ ወጣሁ፤ ሻጮቹም እንደ እኛው ከኮረብታቸው የወረዱ ሰዎች ነበሩ። ወተት አጠጣሁት፣ ያለኝን ሰጠሁት። እግሩ አብጦ፣ ሙቀት ይዞት፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ተኛ። የማይቀልድ ሆርዶፋ ሌላ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

መስከረም እንደገባ አዴ ቶላሼ ማለዳ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ዶማ ይዘዋል፤ ጀርባቸው ላይ ባዶ ቅርጫት አዝለዋል።

"ተነሽ፣ እንሂድ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ቤታችን።"

"አዴ፣ እዚያ እኮ ምንም የለም። ቆፍረን ጨርሰናል።"

"ሥሯን ቆርጠን ትተናል። ምን እንደቀረ አላውቅም። ሄደን ካላየን ግን እንቅልፍ የለኝም።" የቀበሌው ሊቀመንበር መንገድ ላይ ሲጠይቃቸው ኑግ ልናርም ነው አሉት፤ አሳለፈን።

ቡርቃ ሶሬ ስንደርስ መንገዱ ጠፋን። ሳሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጓል። ቤቶቻችን የነበሩበት አይለይም፤ ጫካው ከላይ ወርዶ ደጃፋችን ደርሷል። የጠፋነው በገዛ ሰፈራችን ነው። አዴ ቶላሼ ቆም ብለው ዋንዛውን በዓይናቸው ፈለጉ። እኔም ፈለግኩ። ዋንዛ የሚባል አጣን።

"ቆርጠውታል" አልኩ።

አዴ ቶላሼ አንድ እጃቸውን አንስተው ወደ ፊት ዘረጉ።

ከፊታችን የቆመው አረንጓዴ ኮረብታ ዋንዛው ነበር። ከግንዱ እስከ ጫፉ፣ ከጫፉ ደግሞ ተመልሶ እስከ መሬት፣ ቅርንጫፉ አንድም ሳይቀር በአንጮቴ ሐረግ ተሸፍኗል። አጥሩን አልፏል፤ አውድማውን አልፏል፤ ቤታችን በነበረበት ላይ፣ የተውነው የወፍጮ ድንጋይ ላይ፣ የከብቶቹ በረት ላይ ሁሉ ተዘርግቷል። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ፍሬው ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ ገና አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ብርቱካን፣ የበሰለው ቀይ፣ እንደ ፍም የቀላ። ፀሐይ ከኋላ ስትመታው ዛፉ ከውስጥ የሚነድ ይመስላል። ንቦቹ ከሩቅ ይሰማሉ። ወፎቹ ስንመጣ እንኳ አልሸሹም፤ መሸሽ ረስተዋል።

ጫማዬን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ ሳየው እግሬ ባዶ ነበር።

አዴ ቶላሼ ሐረጉን በእጃቸው እየከፈሉ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጉድጓዱ ግማሹ ሞልቶ እዚያው ነበር። ሐረጉ የሚነሳው ግን ከጉድጓዱ ብቻ አይደለም። ከዚህም ከዚያም፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶም፣ ከአውድማው ዳርም ይነሳል። አዴ ቶላሼ ጎንበስ ብለው አንዱን መነሻ አዩ፣ ሌላውንም አዩ። በየቦታው አፈሩ ተጭሯል፤ የጥርስ ምልክት ያለበት የሥር ስባሪ ተበትኗል፤ ስባሪው ሁሉ አቆጥቁጧል። አንድ ረጅም ጥቁርና ነጭ እሾህ ከመሬት አነሱ።

"ጃርት" አሉ።

ቆፍሮ፣ ቆራርጦ፣ እየጎተተ ወስዶ የበላውን በልቶ የተረፈውን ጥሎት ነበር። እኛ ከሄድን በኋላ ያ ጓሮ የእሱ ሆኖ ከርሟል። አዴ ቶላሼ እሾሁን በጣታቸው መካከል ሲያዞሩ ቆዩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ቀረብኩ። ይስቁ ነበር፤ እያለቀሱም ነበር።

"ስንት ዓመት ሰደብኩት" አሉኝ። "ስንት ዓመት፣ ሌንሴ። እናቱን ሳይቀር።"

ቅርጫታችንን ሞላን። ከጃርቱ ቁፋሮ ዳር ለአቅማችን የሚሆኑትን ሥሮች አወጣን፤ የበሰለውን ፍሬ ከላይ ጨመርን። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ግን አዴ ቶላሼ አላስነኩኝም። በመጥረቢያ የቆረጥነው ቦታ ጠግጎ፣ አዲስ ቆዳ አብጅቶ፣ ዳር ዳሩ አብጦ ነበር። በእጃቸው አፈር መለሱበት።

መሽቶብን ገባን፤ ማታውኑ ቀቀልኩ። ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ከትፌ፣ በተነጠረ ቅቤና በቆጭቆጫ ለወስኩት። ሆርዶፋን ቀና አድርጌ አጎረስኩት። አዴ ቶላሼ ከአጠገቡ ተቀምጠዋል።

አላመጠ፣ ዋጠ፣ ዓይኑን ከፈተ። "ይቺ የማን ናት?" አለ።

"አንተ በመጥረቢያ የቆረጥካት ናት" አሉት አዴ ቶላሼ።

"እኔ እግሯን ቆረጥኩ፣ እሷ እግሬን ልትቀጥል መጣች?" አለ። ቀልድ ነበር፤ ግን ሲናገረው ድምፁ ተሰበረ። እኔም ሌላ ጉርሻ ጠቅልዬ ፊቴን ሸሸግኩ።

ወጌሻው ነው ያዳነው ወይስ አንጮቴው፣ እኔ መፍረድ አልችልም። ብቻ ቡና ለቀማ ሲደርስ ምርኩዝ ይዞ ቆመ፤ ሚያዝያ ላይ ምርኩዙን ጥሎ ከበሬዎቹ ኋላ ተከተለ። እስከዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያነክሳል፤ "እሷ ናት የምትነግረኝ፣ ዘር አዘጋጁ እያለች" ይላል።

ፍሬውን አዴ ቶላሼ ፈልፍለው፣ ዘሩን በአመድ አሽተው ጥላ ላይ አደረቁት። ለቤት ሁሉ ደረሰ። የእሳቸውን ነገር ሲሰሙ "ለአንድ ሥር ሰው ያሸክማሉ" ብለው ያሙ የነበሩት ሴቶችም መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ማንንም አልመለሱም። "እኔን አታመስግኑ፣ ባለ እሾሁን አመስግኑ" ብቻ ይሉ ነበር። በዝናቡ ጊዜ በገመድ የተሰመረው የጨፌ አጥር ሁሉ በሐረግ ተሸፈነ፤ የት ላይ የማን ቤት እንደሚያልቅ አልለይ አለ። ካድሬው ያን ጊዜ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር፤ አላየውም።

በ1982 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው አዋጅ ሲላላ ሰዉ ማንንም ሳይጠይቅ ምሰሶውን መልሶ ነቀለ። በመጣንበት መንገድ ወደየኮረብታችን ወጣን። አዴ ቶላሼ ቤታቸውን ሲያሠሩ ዋንዛውን ለሐረጉ ትተው፣ በሩን ወደ ሌላ ጎን አዞሩት። ኦቦ ነመራ፣ "ከቤቱ ባለቤት ይልቅ ለእሷ ቦታ ተሰጠ" እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ በርጩማቸውን ግን ከሐረጉ ጥላ ሥር ነበር የሚያኖሩት። ከዓመታት በኋላ እዚያው ጥላ ሥር ከሰዓት እንቅልፍ ወስዷቸው ሳይነሱ ቀሩ። ጃርት አልፎ አልፎ ይመጣል። አዴ ቶላሼ መስደብ አልተውም፤ ድምፃቸው ግን ጎረቤት እንደሚወቀስ ዓይነት ሆኗል።

አንድ ዓመት፣ ጉባ፣ የመስቀሉ ደመራ፣ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለበዓሉ አንጮቴ ልቆፍርላቸው ሄድኩ። ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ነበር፤ ሙለታም ከነልጆቹ ጊምቢ ስለሚኖር ገና አልደረሰም። ዶማዬን ላነሳ ስል፣ "ቆይ" አሉኝና ትከሻዬን ተደግፈው በቀስታ ተንበረከኩ።

ሥሩ ከታች ሲወፍር መሬቱ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ነው መድረሱን የምናውቀው። አዴ ቶላሼ መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ አኖሩ።

"እጅሽን አምጪ" አሉኝ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ መዳፌን አኖርኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሳሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ስንጥቁ ግን ሞቅ ያለ እርጥብ ትንፋሽ ነበረው። ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ምንም አልተሰማም። ከታች ግን የሆነ ነገር አፈሩን ወደ እጄ ይገፋ ነበር፤ ወይ የመሰለኝ ነው። አዴ ቶላሼ ትንፋሻቸው እስኪሰማኝ ድረስ ቅርብ ነበሩ።

"በይ አሁን ቆፍሪ፣" አሉኝ በመጨረሻ፣ "በቀስታ፣ ከጎኗ።"